ስምንተኛ ሳምንት፦ የረሳሁት 158

ሰላም ጓደኞች። ጨለማ ቁስን (በስበቱ ብቻ የሚታወቀውን የማይታይ ቁስ) ከሙዮን ጋር የሚያገናኝ ሞዴል በእርሳስና በወረቀት ማስላት ከጀመርኩ ስምንት ሳምንት ሞላኝ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ሙዮን እንደ ኤሌክትሮን ነው፤ ክብደቱ ግን 207 እጥፍ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ ማግኔታዊ ባሕርይውን ለክቶ ይፋ ሲያደርግ፣ ልኬቱ ከንድፈ ሐሳቡ ስሌት በ0.0000000025 ገደማ በለጠ። «ያልታወቀ ቅንጣት ይኖር ይሆን?» ያሰኘው ይህ ነው።

የእኔ ሞዴል ሁለት አዳዲስ ቅንጣቶች አሉት፦ ቻርጅ ያለው ፈርሚዮን (እንደ ኤሌክትሮን ያለ የቁስ ቅንጣት) እና ቻርጅ የሌለው፣ በክብደት ከፈርሚዮኑ የቀለለ ስኬላር (ስፒን የሌለው ቅንጣት)። ደንቡ አንድ ነው፤ አዲሶቹ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ስኬላሩ ብቻውን ወደ ታወቁት ቅንጣቶች መፍረስ አይችልም፤ ጨለማ ቁስ ሆኖ ይኖራል። ሙዮኑም ሁለቱን ለቅጽበት አውጥቶ መልሶ ይውጣቸዋል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! ይቺን ሳያት በጣም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ቁጥር አስገባሁ። ሙዮን 0.1057 ጂኢቪ (የቅንጣት ክብደት መለኪያ)፣ ፈርሚዮኑ 100። የሙዮኑን ለፈርሚዮኑ አካፍዬ ካሬ ሳደርገው 0.0000011 መጣ። ከሚፈለገው አራት መቶ እጥፍ በላይ! ጮቤ ረገጥኩ። ጠዋት ሳየው ለካ ለ16 ፓይ ካሬ ማካፈሉን ረስቼዋለሁ። እሱ ብቻውን 158 ነው። 0.000000007 ቀረኝ። በዚያ ላይ የሚባዛው ፈንክሽን (በሁለቱ አዳዲስ ቅንጣቶች የክብደት ጥምርታ የሚወሰን) ትንሽ ክፍልፋይ ስለሆነ፣ የመስተጋብር ጥንካሬው 1 ቢሆን እንኳ ከተፈላጊው በታች ወረደ።

ጥንካሬውን ከፍ ላድርገው? እዚህ ጋ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ጥንካሬው ሲጨምር ጨለማ ቁሱም የሚበዛ መስሎኝ ነበር። ተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያው ሞቃት ዩኒቨርስ ውስጥ ስኬላሮቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ ሙዮን ይጠፋሉ። መስተጋብሩ ደካማ ከሆነ በደንብ ሳይጠፋፉ ይለያያሉ፤ ከልክ በላይ ይተርፋሉ።

ክፉ ዜናውን ታውቁታላችሁ። በ2025 ንድፈ ሐሳቡ በአዲስ ስሌት ሲታደስ ልዩነቱ ሟሸሸ ማለት ይቻላል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ? ለአንድ ቀን አዎ። ግን ያው ቀመር አሁን ገደብ ሆኗል፤ ጥንካሬው ከዚህ አይለፍ ይላል።

አንድ ነገር አመሳክሩልኝ፦ የሁለቱ አዳዲስ ቅንጣቶች ክብደት እኩል ሲሆን ፈንክሽኑ 1/12 መጣልኝ። እናንተስ?