ሠልጣኙ ምን ያደርጋል?

ለመጀመሪያ ጊዜ የኦንላይን ሥልጠና እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጋዘን መዝገብ አያያዝን ለዓመታት በአካል ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ካሜራ ፊት ቆሜ ያንኑ ብደግመው ይበቃል ብዬ አሰብኩ። እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ 8 ቪዲዮዎች ቀረጽኩ፤ ስላይዶቹን አሳመርኩ፤ በየቪዲዮው መጨረሻም የምርጫ ጥያቄዎች አከልኩ። ሠልጣኞቹ በአብዛኛው ፈተናውን አለፉ፣ ሰርተፊኬታቸውንም ወሰዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከመካከላቸው አንዱ ስልክ ደውሎ፣ ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል ማጣራቱን ከየት መጀመር እንዳለበት ጠየቀኝ። ሦስተኛው ቪዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለዚሁ ጉዳይ የሚናገር ነበር፤ የቀረበለትንም ጥያቄ በትክክል መልሶ እንደነበር በሥልጠናው የውጤት መዝገብ ላይ አየሁ።

በመጀመሪያ ጥፋቱን በቪዲዮዎቹ ርዝመት ላይ ጣልኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪው ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የትምህርት መድረክ ላይ የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ቢያንስ ግማሽ ያህሉ እይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አሳይተው ነበር። እኔም ይህን እንዳነበብኩ ቪዲዮዎቼን ቆራርጬ በስድስት ስድስት ደቂቃ አስቀመጥኳቸው። ለውጥ አላመጣም፤ የተቆራረጠ ንግግር ያው ንግግር ነውና።

ችግሩ የገባኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ነው። ተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ ለ7 ደቂቃ ካነበቡ በኋላ፣ በአንዱ ሁኔታ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና እንዲያነቡ፣ በሌላው ደግሞ ጽሑፉ ተወስዶ የሚያስታውሱትን ሁሉ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ከትዝታቸው የጻፉት ደግሞ 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርዱ፣ ከትዝታቸው የጻፉት 56 በመቶ ላይ ቆዩ።

እኔ የሠራሁት ፈተና የ5 ደቂቃው ፈተና ነበር። ቪዲዮው እንዳለቀ የሚመጣው ጥያቄ ገና በጆሮ ላይ ያለውን ድምፅ እንጂ የተማሩትን አይለካም፤ ሠልጣኙም አሠልጣኙም በውጤቱ ተደስተው ይለያያሉ። ቪዲዮን ወደ ኋላ መልሶ ማየትም ጽሑፍን ደጋግሞ ከማንበብ የተለየ አይደለም፤ ዓይንና ጆሮ ስለለመዱት ብቻ ያወቁት ይመስላል።

ስለዚህ ሥልጠናውን ከሌላው ጫፍ ጀምሬ እንደ አዲስ አዘጋጀሁት። ምን እነግረዋለሁ ከማለት ይልቅ፣ ሠልጣኙ ወደ ሥራው ሲመለስ በእጁ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። አሁን ትምህርቱ የሚከፈተው በመዝገብ 240፣ በመደርደሪያ ላይ ደግሞ 226 ካርቶን በሚያሳይ ጉዳይ ነው፤ ሠልጣኙ ማብራሪያ ከመስማቱ በፊት የ14ቱን ካርቶን ልዩነት በቀረቡለት ሰነዶች ውስጥ ይፈልጋል። ከዚያ የ4 ደቂቃ ማብራሪያ ይከተላል። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስም ያ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳ ግብረ መልስ ጻፍኩ፤ ይህ ቪዲዮዎቹን ከመቅረጽ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል። ተመሳሳይ ጉዳይ መልኩን ቀይሮ ከ3 ቀን፣ ከ10 ቀንና ከ30 ቀን በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ማረም ነበረብኝ። መጋዘን ገብተው ለማያውቁ ጀማሪዎች ችግሩን አስቀድሞ መስጠት ግራ ከማጋባት በቀር አልጠቀመም። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው የጆን ስዌለር የአእምሮ ጫና ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ አዲስ ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጥቂት ነው፤ መፍትሔ ፍለጋ ራሱ ያንን ቦታ ከያዘበት ለመማር የሚተርፍ አይኖርም። ለእነርሱ በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ምሳሌ፣ ቀጥሎ በግማሽ የተሠራ፣ በመጨረሻም ባዶ ጉዳይ አቀረብኩ።

ታዲያ ቴክኖሎጂው ምን ሠራ? የትምህርት ተመራማሪው ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983፣ የማስተማሪያ መሣሪያ ትምህርቱን የሚያደርስ ማጓጓዣ ብቻ ነው፤ ሸቀጥ የሚያመላልስ መኪና የሰውን አመጋገብ እንደማይለውጥ ሁሉ መሣሪያውም በራሱ ውጤት አይለውጥም ሲል ተከራክሮ ነበር። በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሥጋን ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ማመላለስ ምን እንደሚያስከትል መርሳት አይገባም። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ቀኑን ቆጥሮ ጥያቄውን እንደገና የሚያቀርብለት፣ ስሕተቱን በዚያው ቅጽበት የሚነግረው ሥርዓት ከሌለ፣ ለብዙ ሠልጣኞች ይህን በእጅ ማድረግ አልችልም ነበር።

አዲሱ ሥልጠና ሁሉንም አላስደሰተም። ሠልጣኞቹ ከበደን አሉ፤ እስከ መጨረሻው የሚዘልቁትም ከቀድሞው አነሱ። ሥልጠናውን ያሠራኝ ድርጅት የሪፖርት ቅጽ ስንት ሰው እንደጨረሰ የሚሞላበት ዓምድ እንጂ፣ በ30ኛው ቀን ስንት ሰው የጎደለውን ካርቶን እንዳገኘ የሚሞላበት ዓምድ የለውም። እንዲጨመር በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን የተፈቀደልኝ ከሪፖርቱ ሥር በማስታወሻ መልክ እንዳሰፍረው ብቻ ነው።