ስምንት ሰዓት ወደ ምሥራቅ፤ ከዋሽንግተን እስከ የካ አባዶ

ረፋዱ ላይ ከዋሽንግተን ዳለስ የሚነሣው አውሮፕላን ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ሳያርፍ በርሮ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ይደርሳል። ወደ አሜሪካ ሲሄድ ግን በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ለዚያ ሁሉ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሣት ያስቸግራል። የመልሱ ጉዞ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ተሳፋሪው ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይበርራል፤ ምሳው ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ይመሽበታል፣ እንቅልፍ ሳይጠግብም ይነጋበታል። በጥር ወር በዚህ መንገድ እናቴን ለመጠየቅ ስመጣ ቦሌ ያረፍነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ ትቼው በመጣሁት ከተማ ግን ገና እኩለ ሌሊት ነው።

እናቴ የምትኖረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በመገናኛና በሲኤምሲ አድርገን፣ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ የሚያበቃበትን አያትን አልፈን ወደ ጣፎ አቅጣጫ ስንቀጥል፣ ከመጨረሻዎቹ ብሎኮች ባሻገር ባሕር ዛፍ የለበሱ ኮረብታዎችና አዝመራቸው የተሰበሰበ ማሳዎች ብቅ አሉ። ሾፌሩ በሌላ ቀን ወደ እንጦጦ እንዲወስደኝ ቀጠሮ ስንይዝ፣ ሰዓቱን ከመመዝገቡ በፊት "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ በየቀኑ የሚጠየቅ ነው። ቀጠሮ የሚይዝ ሰው በቅድሚያ ሰዓቱ የማን እንደሆነ ማጣራቱን እኔ ትልቅ ጨዋነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ በውጭ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ባልደረባ ማግኘት ብርቅ ነበር።

እማዬ ፍርፍርና ሻይ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሰውነቴ ገና ሌሊት ላይ ስለነበር ምግቡ አልወርድ አለኝ። "ብላ እንጂ ልጄ፤ ደግሞ አሁን እንዳትተኛ፣ ከተኛህ ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ነው የምታድረው" አለችኝ። ይህን የምታውቀው ልጆቿ ከሩቅ አገር ሲመጡና ሲመለሱ እያየች ነው፤ የተናገረችውም ሳይንሱ ከሚለው ጋር የሚስማማ ነው። የሰው ልጅ ውስጣዊ ሰዓት መቆጣጠሪያው በአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ የምትገኝ እጅግ ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ስትሆን፣ ቀኑን ከሌሊቱ የምትለየው ዐይን በሚያደርስላት ብርሃን ነው። በየሕዋሱ ውስጥ የተወሰኑ ጂኖች የሚያሠሩት ፕሮቲን ሲጠራቀም መልሶ እነዚያኑ ጂኖች እያስቆመ፣ ሲሟጠጥ ደግሞ እየለቀቀ አንድ ቀን የሚያህል ዙር ያበጃል፤ ይህን አሠራር ላሳዩት ለጄፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮስባሽና ለማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምናው የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዙሩ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚረዝም፣ ሰውነት ቀኑን ከማሳጠር ይልቅ ማስረዘም ይቀለዋል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ቶሎ ሲለምድ ወደ ምሥራቅ የሚመጣው የሚቸገረው ስለዚህ ነው። በግምት ለእያንዳንዱ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያስፈልጋል ይባላል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ብርሃኑን የማግኛ ጊዜ ነው። ስምንት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ለመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአዲስ አበባ ጠዋት ለሰውነቱ የዋሽንግተን ሌሊት ስለሆነ፣ ማለዳ ፀሐይ መሞቅ ውስጣዊውን ሰዓት ይባስ ወደ ኋላ ሊጎትተው ይችላል፤ ወደፊት የሚገፋው የከሰዓት በኋላው ብርሃን ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ጋርጄ እቆይና ከሰባት ሰዓት በኋላ ወደ ጣፎ በእግሬ እወጣ ነበር፤ ይህም በእጅጉ ረድቶኛል።

እስክለምደው ድረስ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። ብርድ ልብስ ደርቤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ከኮረብታው በኩል ጅብ ይጮኻል፣ ቆይቶም ከቤተ ክርስቲያን የማሕሌቱ ድምፅ ይሰማል። ያስገረመኝ በዚያ ሰዓት መብራት የበራባቸው መስኮቶች ብዛት ነው። የእናቴ ሰፈር ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ በተለያየ አገር ሰዓት እንደሚውሉና እንደሚያድሩ የተረዳሁት ቀን በቀን ሳነጋግራቸው ነው።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ ወጣት በኮምፒውተር ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት ይሠራል። ድርጅቱ በፓስፊክ ጠረፍ ስለሚገኝ፣ የእነሱ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ከሰዓት ዐሥራ አንድ ሰዓት ያለው የሥራ ጊዜ ለእርሱ በዚህ ወቅት ከማታው ሁለት እስከ ሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ነው። "ጋሼ፣ መጋቢት ሲገባ ሰዓት ስለሚቀይሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ፤ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ያችን አንድ ሰዓት መልሰው ይወስዷታል" አለኝ። የመኝታ ቤቱን መስኮት በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኖ ጠርዙን በምስማር መቶታል፤ ቢሆንም ብርሃኑን እንጂ ድምፁን ሊከለክለው አልቻለም። ሊተኛ ሲል ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ ቆራሌው ይጣራል፣ ከታች ያለው ብረታ ብረት ቤት ሥራ ይጀምራል። ከዚህም የሚከብደው ለቅሶው፣ የዕድሩ ስብሰባ፣ የባንኩና የወረዳው ጉዳይ ሁሉ በቀን መሆኑ ነው። ጎረቤት አርፎ ሳይደርስ ቢቀር ሰው ይቀየመዋል፤ ስለዚህ በሁለት ሰዓት እንቅልፍ ተነሥቶ ቀብር ይውላል። ደመወዙ በሰፈሩ ከሚገኘው ይሻላል፤ የሚከፍልበትን ነገር ግን የደመወዝ ወረቀቱ አያሳየውም።

ከሥር ያለችው እናት ሁኔታ ይበልጥ ልቤን ነካው። ልጇ በሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ፣ በሰው ቤት ትሠራለች። ሪያድና አዲስ አበባ ሁለቱም የዓለም ሰዓት መነሻ ከሆነችው ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ስለሚቀድሙ፣ በሰንጠረዥ ላይ በእናትና በልጅ መካከል የአንዲት ደቂቃ ልዩነት የለም፤ ሳዑዲም እንደ እኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት አትቀይርም። ሆኖም ልጅቱ የምትደውለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ የቤቱ ሰዎች የሚተኙት አምሽተው ስለሆነ፣ እቃው ታጥቦ በሩ ተዘግቶ የራሷ የሆነ ጊዜ የምታገኘው ያኔ ብቻ ነው። በረመዳን ወር ደግሞ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚነቃ ይህችም ጊዜ ትጠፋለች። እናትየዋ ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። እኔ ስምንት ሰዓት ርቄ እየኖርኩ የምደውልበትን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ያቺ ልጅ በዚያው ሰዓት ላይ ሆና መምረጥ አትችልም። በሰዎች መካከል ያለውን የሰዓት ርቀት ፀሐይ ብቻ እንደማትወስነው፣ በጊዜው ላይ ማን እንደሚያዝዝም መቆጠር እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም።

የጥምቀት ሰሞን፣ በዕድሜ የገፉና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲያስተምሩ የኖሩ ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። "የኔታ፣ ድሮ ቀትርን በምን ታውቁት ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "በጥላ ነዋ ልጄ! ጥላህ አጥሮ አጥሮ ሲያበቃ ቀትር ነው፤ በእጅህ ያሰርከው የሚለው ለብቻው ነው" አሉኝና የልብስ ማስጫውን ብረት ጥላ እንድከታተል ነገሩኝ። የጥላውን ጫፍ በጠጠር እያመለከትሁ ስጠብቅ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጥላው ገና እያጠረ ነበር፤ ማጠሩን ያቆመው ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምድር አንድን ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ሰዓታችን የተመሠረተው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን፣ ይህ መስመር የሚያልፈው በኦጋዴን፣ ከዋርዴር ብዙም ሳይርቅ ነው። አዲስ አበባ ወደ 39ኛው ዲግሪ ስለምትጠጋ ፀሐይ ወደ እርሷ እስክትደርስ በአማካይ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጥር ደግሞ የምድር ምሕዋር ክብ ባለመሆኑና ዘንጓ በማዘንበሉ ሌላ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይጨመራል። ይህን ሳስረዳቸው የኔታ በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ መለሱልኝ፦ "ዕለት ስድሳ ኬክሮስ ነው፤ እንግዲህ አንድ ኬክሮስ ዘግይቷል ማለት ነው።" አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነውና አባባላቸው ከስሌቱ ጋር እጅግ የቀረበ ነው። አገራችን ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ 15 ዲግሪ ያህል ስለምትሰፋ፣ በአንድ የእጅ ሰዓት እየተዳደርን በውስጣችን አንድ ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ይዘናል።

ግሪንዊች መነሻ እንዲሆን የተወሰነው እኔ በተነሣሁባት በዋሽንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1884 የ25 አገሮች ልዑካን ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡ ከአፍሪካ የተገኘችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጉባኤው የመነሻውን መስመር ወሰነ እንጂ የሰዓት ክልሎቹን አልከፋፈለም፤ እነርሱን እያንዳንዱ መንግሥት በየጊዜው እንደሚመቸው አበጅቷል። ቻይና ስፋቷን ሁሉ በአንድ ሰዓት ታዳድራለች፤ ሕንድ ከግሪንዊች በአምስት ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል ደግሞ በአምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይቀድማሉ።

ሾፌሩ በቀጠሮው መጥቶ ወደ እንጦጦ ወሰደኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ተራራ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ። በየትም አገር ያሉ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ያዩትን የሚመዘግቡት በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ፣ በመካከላቸው "የማን ሰዓት?" የሚል ጥያቄ አይነሣም። ለከዋክብት ይህ በቂ ነው። ለቤተሰብ ግን አይበቃም፤ አንድ ሰው መተኛት፣ ሌላው መሥራት፣ ሦስተኛው ማስቀደስ አለበትና።

የቤታችንን ስልክ ጉዳይ ከእማዬ ጋር ያነሣነው ከእንጦጦ በተመለስሁበት ምሽት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሜልቦርን ይኖራል፤ በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ይቀድማል፣ እኔ በስምንት ሰዓት እዘገያለሁ። እስካሁን ሁለታችንም በየምቾታችን ስለምንደውል እርሷ አንዱን አምሽታ፣ ሌላውን ከእንቅልፏ ተነሥታ ታነጋግር ነበር። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሲሆን፣ ሜልቦርን ደግሞ በኤፕሪልና በኦክቶበር መጀመሪያ እሑድ፣ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ምንም ያልቀየረችው እናቴ በዓመት አራት ጊዜ ይለዋወጥባታል ማለት ነው፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። "እኔ እንደሆነ ቤት ነው የምውለው፣ በተመቻችሁ ጊዜ ደውሉ" ብትለኝም አልተቀበልኋትም።

ወንድሜን በዚያው ሰሞን ደውዬ አማከርሁትና ተስማማን። ከእንግዲህ ሦስታችንም የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት በአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እማዬ ጸሎቷን አድርሳ፣ ቡናዋን ሳታፈላ። ያን ጊዜ በዋሽንግተን ዓርብ ሌሊት አምስት ሰዓት ነው፣ በሜልቦርን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ። አሜሪካ ስትቀይር እኔ እስከ እኩለ ሌሊት እጠብቃለሁ፣ አውስትራሊያ ስትቀይር ወንድሜ ወደ ስምንት ሰዓት ይመጣል። የእርሷ አንድ ሰዓት አይነካም።