ሁለተኛዋስ ማን ናት? የደብተሬ ሰባት ወር

ባለፈው መስከረም አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ «የመጀመሪያዎቹ» ብዬ ጻፍኩበት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ አንዲት ሴት ላጠና፣ በሙያዋ ከሷ በፊት ሴት ያልገባችበት በር የገባች። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ የጻፍኩትን ለእናቴና ለእህቴ ልጅ አነብላቸዋለሁ። የአዳማ ሙቀት በዚያ ሰዓት ከቤት ስለማያስወጣ የግቢው ልጆችም ይቀላቀሉናል።

አሁን ሚያዝያ ገብቷል። ደብተሩ ውስጥ 23 ሴቶች አሉ። እናንተም የየራሳችሁን ማስታወሻ እንደምትይዙ ስለማውቅ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተማርኩት «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ብቻውን እንደማይቆም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ስለ አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ ጻፍኩ። «ኢትዮጵያን በርዕሰ ብሔርነት ያገለገሉ የመጀመሪያዋ ሴት» ብዬ ማንበብ ስጀምር እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ዘውዲቱስ? ንግሥት ዘውዲቱ ሴት አልነበሩም እንዴ?»

ልክ ነበረች። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው እስከ 1922 ዓ.ም. ነግሠዋል። አምባሳደር ሳህለወርቅ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በምክር ቤቶቹ ሲመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዷን ከፍ ለማድረግ ሌላዋን መሰረዝ ግን አይሆንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእያንዳንዱ ስም ሥር «በምን የመጀመሪያዋ?» የሚል መስመር አለኝ።

ይህ መስመር በጣም ያስቸገረኝ በደራርቱ ቱሉ ነው። መጀመሪያ «የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ብዬ ጻፍኩ። ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙታዋኪል ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የ400 ሜትር መሰናክል ሩጫን አሸንፋለች። ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤስተር ብራንድ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ወስዳለች። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት» ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቃል በጨመርኩ ቁጥር የደራርቱ ነገር የሚያንስ መሰለኝ። ከፋኝም። ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ መጣልኝ። ደራርቱ ያሸነፈችበት የ10,000 ሜትር ሩጫ ራሱ መቼ ተጀመረ?

መልሱን ሳገኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ነው። የሴቶች ማራቶን እንኳን የገባው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት አንዲት ሴት የቱንም ያህል ብትፈጥን በእነዚህ ርቀቶች በኦሊምፒክ የምትሮጥበት ውድድር አልነበረም። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1984ቱም በ1988ቱም አልተሳተፈችም። አስቡት። የ1992ቱ ባርሴሎና ለኢትዮጵያውያን ሴቶች የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር በር የተከፈተበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። በሩ በተከፈተበት ቀን ደራርቱ ገብታ ወርቁን ይዛ ወጣች። በ20 ዓመቷ። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ጥቁር» የሚለው ቃል መጨመሩ ምንም አልቀነሰብኝም።

ቀኑን ያረጋገጥኩት በእናቴ ነው። መዝገቡ የሚለው ኦገስት 7 ቀን 1992 ነው። እናቴ ደግሞ ሳልጠይቃት «ፍልሰታ የተያዘ ዕለት ነበር፤ ናዝሬት በእልልታ ቀለጠች» አለችኝ። አዳማን እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትላት። ቆጠርኩት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.! ቁጭ። ከዚያ ወዲህ የአገር ውስጡን በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ፤ ቀን ካገኘሁ ደግሞ ሁለቱንም። በዓሉንና ጾሙን አብሮ መጻፍ ትልልቅ ሰዎችን ለመጠየቅ በጣም ይረዳል። «በ1984 የት ነበርሽ?» ስትሏቸው ዝም የሚሉ ሰዎች «ያን ጊዜ ፍልሰታ ሲያዝ» ስትሏቸው ይተርካሉ።

ሩጫውንም ዙር በዙር አነበብኩላቸው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር መሃል ላይ ፍጥነቱን ጨምራ ሌሎቹን በተነች። ደራርቱ ብቻ ተከተለቻት። ከኋላዋ አልለይ አለች፣ ወደ ፊትም አልወጣም አለች። መጨረሻው ዙር ሲቃረብ አፈተለከች። 31 ደቂቃ ከ06.02 ሴኮንድ። ከዚያ መስመሩ ላይ ቆማ ማየርን ጠበቀቻት። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 ወዲህ ኦሊምፒክ ያልገባች አገር ነበረች። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። እዚህ ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፀጥ ብላ ሰምታ ስታበቃ «እና ሁለተኛዋስ ማን ናት?» አለችኝ።

ማየርን ማለቷ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ከደራርቱ ቀጥሎ ማን አገኘች?» ማለቷ ነው። ደብተሬ ውስጥ ያኔ 11 ሴቶች ነበሩ። ስለ አንዳቸውም «ቀጥሎ ማን መጣ» ብዬ አልጻፍኩም ነበር። ሁሉንም ገጾች እንደገና ከፈትኩ።

ከኢትዮጵያ ሴቶች ከደራርቱ ቀጥላ የመጣችው ፋጡማ ሮባ ናት። አራት ዓመት ብቻ ቆይታ፣ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሴኮንድ አሸነፈች። በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት እሷ ናት። ከዚያ ደራርቱ ራሷ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን ደገመችው። በ2008 ጥሩነሽ ዲባባ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደች። በ2012 ጥሩነሽ 10,000ውን ስትደግም ቲኪ ገላና ማራቶኑን አሸነፈች። አራቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው።

ሌሎቹ ገጾች እንዲህ አልነበሩም። ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963 ወደ ጠፈር ወጣች፤ ሁለተኛዋ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ የወጣችው በ1982 ነው። ማሪ ኩሪ በ1903 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለመች፤ በፊዚክስ ሁለተኛዋ ሴት ማሪያ ጎፐርት ማየር ናት፣ በ1963። ስልሳ ዓመት! የኩሪን ገጽ ስጽፍ ደስታ ብቻ ነበር የተሰማኝ። አሁን ያንን ቁጥር ሳይ ሆዴ ይባባል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ጎበዝ ሴት በር ላይ ቆማ ቀረች?

ጥር ላይ ሦስታችንም በቆጂ ሄድን። ከአዳማ በዴራና በኢተያ አሰላ፣ ከዚያ በሳጉሬ አድርጎ ሽቅብ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ብለን እንኖራለን፤ በቆጂ ወደ 2,800 ነው። ብርዱ ለእኛ ለቆላዎቹ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት የሚሮጡ ልጆች ስናይ የእህቴ ልጅ ተቀላቀለች፤ ብዙም ሳትሄድ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። አንዲት ታዳጊ አብራት ቆመች። «እንደ ማን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። የደራርቱን ስም ትጠራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጎረቤታቸውን ልጅ ጠራችልኝ፣ በቅርቡ አዲስ አበባ ክለብ የገባችውን። ለዚያች ልጅ በሩ ጎረቤት ድረስ መጥቷል። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ለምን መጻፍ እንዳለባቸው የገባኝ እዚያ ብርድ ላይ ነው።

ከአገራችን ገጾች አሁን የያዘኝ የወ/ሮ ሙሉእመቤት እምሩ ነው። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በፊት መብረር ተማሩ፤ ወረራው መጣና በረራቸው ተቋረጠ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ማዕረጉን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በ2015 ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበትን የባንኮክ በረራ ያበረረችውም እሷ ናት። መሃል ላይ ሌሎች ሴት አብራሪዎች ነበሩ። ከመጀመሪያዋ አብራሪ እስከ መጀመሪያዋ ካፒቴን ግን ከ70 ዓመት በላይ አለፈ። ወ/ሮ ሙሉእመቤትን ያቆማቸው የችሎታ ማነስ አልነበረም፣ ጦርነት ነው። የወ/ሮ ስንዱ ገብሩም ታሪክ በዚያው ወረራ በኩል ያልፋል። ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለሳቸው አንድ ገጽ አልበቃኝም፣ አራት ሰጥቻቸዋለሁ።

አሁን እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ሦስት መስመር አለው። በምን የመጀመሪያዋ? በሩ መቼ ተከፈተ? ሁለተኛዋስ ማን ናት? ከጀመራችሁ ሦስተኛውን አትዝለሉት። ብዙ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው፤ ለኔ ግን ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ሁለት ቦታ ያላየሁትን ቀን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ሳረጋግጥ በእስክሪብቶ እደግመዋለሁ።

የመጪው ቅዳሜ ገጽ የኔ አይደለም። የእህቴ ልጅ ፋጡማ ሮባን ራሷ ጽፋ ልታነብልን ነው። ትናንት ማታ ማስመሪያ ጠየቀችኝ። ሦስቱን መስመሮች አስምራ ጨርሳለች።