ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ጎንደር ላይ የሀበሻ ቀሚስ ለሚሰፋ ሰው ይህ ተረት ብቻ አይደለም። አምና ጥር 10፣ ከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ እኔ ፒያሳ አካባቢ ያለችው ሱቄ ውስጥ መርፌ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አራት ቀሚስ አልደረሰልኝም። አንዷ ደንበኛዬ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ እኔስ የአምናውን እለብሳለሁ፤ የልጄ ልጅ ግን ምን ለብሳ ትውጣ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያ ንግግር ከልቤ አልወጣ አለ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እሠራለሁ። ታዲያ ጊዜው የት ይገባል? መስከረም ላይ ደብተር ገዛሁና ምን እንደሠራሁ፣ ስንት ሰዓት ጀምሬ ስንት ሰዓት እንደጨረስኩ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ገጾቹን ሳገላብጥ አንድ ቃል ደጋግሞ መጣብኝ፦ «ተረተርኩ»። በ12 የሥራ ቀን ውስጥ 17 ሰዓት የሄደው የገዛ ጥልፌን ስተረትር ነው።

ሙያው ውስጥ ያላችሁ ይገባችኋል። አንገት ላይ ካለው መስቀል አንዷ ቅጠል በክር ስፋት ወጣ ትላለች። ማንም አያያትም፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት አልችልም። ስተረትረው ሸማው ላይ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፣ ድሩም ይላላል። ድጋሚ ስጠልፈው ጨርቁ ይሸበሸባል። ያንን ላስተካክል ስል እንደገና እተረትራለሁ። ለጥራት ብዬ የማደርገው ነገር ራሱ ጥራቱን እየቀነሰው ነበር። ይህን ማመን ከብዶኛል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሲሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ያወጣው ነው። ቃሉ ቲማቲም ማለት ነው፤ ይጠቀምበት የነበረው የኩሽና ደወል የቲማቲም ቅርጽ ስለነበረው ነው። 25 ደቂቃ ትሠራላችሁ፣ 5 ደቂቃ ታርፋላችሁ። ለእኔ አልሆነም። ጥልፍ የሚያምረው እጅ ሲሞቅ ነው። ደወሉ ሲጮህ አቆማለሁ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ከመቀጠል ይልቅ እንከን ፍለጋ እገባለሁ።

አብራኝ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ግን ተለወጠችበት። የእሷ ጠባይ የእኔ ተቃራኒ ነው። አንዱን ሳትጨርስ ሌላ ታነሳለች፣ ስልክ ታያለች፣ «ክር ልግዛ» ብላ ትወጣለች። 25 ደቂቃ ልጓም ሆነላት። አሁን እጅጌ ከጀመረች እጅጌውን ትጨርሳለች። ስለዚህ «ይህ ዘዴ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «እናንተ ጊዜያችሁን የምታጠፉት በምንድን ነው?» የሚል ነው።

ለእኔ የሠራልኝ ሚስማር ነው። ጥልፉ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር እሰቅለዋለሁ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከዚያ ሆኜ ስህተቱ ካልታየኝ አልነካውም። ሰው የለበሰን ሰው የሚያየው በዚያ ርቀት ነው። ቀላል አልነበረም። ጥቅምት ላይ አንድ ምሽት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ተመልሼ ሱቁን ከፍቼ ተርትሬያለሁ። እሱንም ጽፌዋለሁ። ኅዳር ሲያልቅ በመተርተር የሚሄደው ጊዜ በሳምንት ወደ 2 ሰዓት ገደማ ወረደ። ጥለቱ ግራና ቀኝ ሳይገጥም ሲቀር ግን ዛሬም እተረትራለሁ፤ እሱ ከሩቅም ይታያል።

ሁለተኛው ጠባዬ ይሉኝታ ነው። «ለዓርብ ይደርሳል?» ሲሉኝ አፌ ቀድሞ «ይደርሳል» ይላል። እምቢ ማለት ፊት መንሳት ይመስለኛል። አሁን ከመመለሴ በፊት ደብተሩን እከፍታለሁ። በሳምንት የምንችለው ሦስት ቀሚስ ስለሆነ ለየሳምንቱ ሦስት መስመር አስምሬያለሁ። ከሞላ ደብተሩን አዙሬ አሳያለሁ። ሁለት ሰዎች ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ፤ አንዷ ተመልሳ መጥታለች።

ቡናውን ደግሞ ሌላ አድርጌዋለሁ። ጎረቤቴ 9 ሰዓት ላይ ትጠራኛለች። አቦል ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ቶናውና በረካው ሲጨመር ሰዓቱ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ደብተሩ ላይ ጊዜ ተረፈ፣ እኔን ግን ከፋኝ። አሁን የሚዘመዘም ይዤ እሄዳለሁ፣ እስከ በረካ እቀመጣለሁ። ያንን ሰዓት ባከነ ብዬ አልጽፈውም።

ዘንድሮ የመጨረሻውን ቀሚስ የተኮስኩት ጥር 8 ማታ ነው። እኚያ እናት በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ለብሳ ስትዞር ግራ እጅጌዋ ላይ አንዲት ቅጠል ዘንበል ብላ አየኋት። እጄ ወደ መቀሱ ሄደ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ልጅቷ መስተዋቱ ፊት ገና እየዞረች ነበር።