«የተጣራ ዜሮ» ሲባል የቱን ልቀት ይጨምራል?

የኃይል ኩባንያዎችን ሪፖርት ማንበብ ስጀምር «የተጣራ ዜሮ ልቀት» ማለት ምንም ጋዝ አለመልቀቅ ይመስለኝ ነበር፤ ትርጉሙ ግን ወደ ከባቢ አየር የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን ተመልሶ ከሚወገደው ጋር እኩል ይሆናል ማለት ነው። «ካርቦን ገለልተኛ» የሚለው ደግሞ ልቀትን እምብዛም ሳይቀንሱ የካርቦን ክሬዲት (ሌላ ቦታ ለተቀነሰ ወይም ለተወገደ ልቀት የሚሰጥ፣ የሚሸጥ የምስክር ወረቀት) በመግዛት ጭምር ሊነገር ስለሚችል፣ በጥንቃቄ ቢነበብ እመርጣለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያደናገረኝ የልቀት ወሰን (scope)፣ ማለትም ልቀቱ ከየት እንደሚመነጭ የሚለይበት ምድብ ነው። ወሰን 1 ኩባንያው በራሱ ተቋማት የሚለቀው፣ ወሰን 2 ከገዛው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ሲሆን፣ ወሰን 3 የሸጠው ነዳጅ በገዢው እጅ ሲቃጠል የሚወጣውን ይጨምራል። የነዳጅ ኩባንያ አብዛኛው ልቀት በዚህ በሦስተኛው ውስጥ ስለሚገኝ፣ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ዜሮ እንደርሳለን የሚል ቃል ወሰን 1ንና 2ን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ (ይህን ለማወቅ የግርጌ ማስታወሻውን መፈተሽ ሊያስፈልግ ይችላል) ትልቁን ድርሻ ከሂሳቡ ውጭ ትቶታል።