አባባ ያሰሩት ገመድ

ዛሬ ቤት ስንቀይር ፍራሹ ከአይሱዙው ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ልጆቹ ገመዱን ጠምጥመው ጠምጥመው ደከማቸው። የጎረቤታችን አባባ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና መጡ። «እስቲ አምጡት» አሉ።

ትንሽ ቀለበት ሠሩ። ጫፉን በውስጡ አሾለኩ፣ ከኋላ አዞሩት፣ በገባበት መልሰው አወጡት። ሳብ! በቃ። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። ገመዱን ሲጨብጡ ግን ጣቶቻቸው ጸጥ አሉ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«የት ተማሩት አባባ?»

«ምጽዋ። ‹ኢትዮጵያ› ላይ።»

መርከቧን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ የጀመረች፣ የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ነበረች። በ1962 ወደ እኛ መጣች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ነበር። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ እሷ ነበረች፤ ስንቱ ዕጩ መኮንን ባሕርን የለመደው በእሷ ላይ ነው። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

አባባ ይህን ሁሉ አላወሩም። «ጥሩ መርከብ ነበረች» ብቻ ብለው ገመዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

አሥር ዓመት ጎረቤት ሆነን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ይቆጨኛል። ብረቱስ ተሸጠ፤ በላዩ የኖሩት ሰዎች ግን እዚሁ አጠገባችን አሉ። እሁድ ቡና ይዤ እሄዳለሁ። ቋጠሮውን ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተውልኛል።