ካፖርቴ ሻንጣ ውስጥ፣ እኔ ውርጭ ላይ

በ2011 ዓ.ም. ገናን በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር፣ የአጎቴን ልጅ ሠርግ ደግሞ በአዲስ አበባ ለማሳለፍ ከአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ስነሣ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሚኒሶታን ብርድ የቻልኩ ሰው ስለነበርኩ ስለ ልብስ የሚመክረኝ አያሻኝም ብዬ አምን ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ ዛሬም ድረስ ብርድ በነካው ቁጥር ባልለበለበኝ ነበር በሚል ቁጭት ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ ክረምት ማለት የዝናቡ ወራት ነው፤ ታኅሣሥና ጥር በጋ ናቸው። እናቴን በስልክ «እዚህ ክረምት ነው» ስላት ጃንጥላና ቦቲ ይታያት ነበር፤ እኔም በበኩሌ «አገር ቤት በጋ ነው» ስባል ቲሸርት ብቻ ታየኝ። ላሊበላ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዓለቱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማለዳ ቤዛ ኩሉ እስኪባል ድረስ ለሚያነጋ ሰው የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ዘልቆ ይገባል።

ትኬቱ፣ የፓስፖርቱ እድሳት፣ ከሥራ ፈቃድ መውሰዱ ሁሉ ያለ ችግር አለቀ። ልብሱን ለመምረጥ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች የሚለበሰው በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይም እንዲያገለግል፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ለሠርግም እንዲሆን ነበር ሐሳቤ። በመጨረሻ ከገላ የሚለጠፉ ሦስት ስስ የሱፍ ሹራቦች፣ አንድ ላባ የተሞላ ቀላል ጃኬት፣ አንድ ግራጫ የሱፍ ኮት፣ ሁለት ሱሪዎች፣ አንድ የሸራ ጫማና በ340 ዶላር የተገዛውን ከባዱን ካፖርቴን ያዝኩ።

ከእነዚህ ሁሉ ያላሳፈረኝ ሱፉ ነው። ጥጥ ላብን ይዞ ይቀራል፣ ሲቀዘቅዝም ከእርጥበቱ ጋር በሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ ለሦስት ቀን ቢለበስም እንደ ጥጥ አይሸትም። ይህን የመንዝ ሰው ከማንኛውም የልብስ ሻጭ በፊት ያውቀዋል፤ ባናውንና በርኖሱን የሚያሠራው ከበግ ጠጉር ነው። እኔ ያጠፋሁት በቀለሙ ነው፤ ሦስቱንም ሹራቦች ጥቁር ገዛኋቸው። በገና ሌሊት ነጩን የአገር ልብስ ከላይ ስደርብበት ጥቁሩ ከሥር እንደ ጥላ ይታይ ስለነበር፣ ታናሽ እህቴ «አንተ የመጣኸው ለማኅሌት ነው ወይስ ለጥበቃ?» እያለች እስኪነጋ ሳቀችብኝ። ለገናና ለጥምቀት የሚሄድ ሰው የውስጥ ሹራቡን ክሬም ወይም አመድማ ይግዛ።

ግራጫው ኮት ከአንድ ያገለገለ ልብስ መደብር በ18 ዶላር የተገዛ ነው። በአውሮፕላን ለበስኩት፣ በቅዳሴ ለበስኩት፣ በጥር ሠርግ ላይም ከነጭ ሸሚዝ ጋር ስለብሰው ማንም ሙሉ ልብስ አልያዘም አላለኝም። በላሊበላ አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ለሚዞር ሰው ደግሞ ክር የሌለው፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም የሱፍ ካልሲ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ጫማ በየደጁ ይወልቃል፣ የድንጋዩ ወለልም ቅዝቃዜውን በእግር ያሳልፋል። (በየቤተ ክርስቲያኑ ላለው ቁንጫ መፍትሔ አላገኘሁም።) በጎንደር በፋሲለደስ መጠመቂያ አጠገብ ቆሜ ጠበሉ ሲረጭ ላባ የተሞላው ጃኬቴ ራሰ፤ ላባው ተጠቅልሎ ጓል ጓል ሆነ፣ እስኪደርቅም ሁለት ቀን ፈጀ። ላባ ከደረቀ የሚስተካከለው የለም፤ ከረጠበ ግን ምንም ነው፤ ስለዚህ ውኃና ነፋስ የማያስገባ ስስ መደረቢያ ከላዩ ሳይኖር መያዝ የለበትም።

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ሁሉ የሚታለፍ ነው። የማይታለፈው የመመለሻው ቀን ነው።

ጥር 20 ማታ በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ካፖርቴን በክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የእጅ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ እናቴ በግድ ያስያዘችኝን ጋቢ በፌስታል ይዤ ቀረብኩ። ጋቢውን አልወስድም ብዬ ስከራከራት «እዚያ ስትደርስ ትጥለዋለህ፣ አሁን ግን ያዘው» ብላ ነበር የሰጠችኝ። ሻንጣ የምትመዝነው ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝና «ወንድሜ፣ ሦስት ነገር መያዝ አይቻልም፤ ካፖርቱን ወይ ይልበሱት ወይ ሻንጣው ውስጥ ይክተቱት» አለችኝ። አዳራሹ ይሞቅ ነበር፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርም ነበር፣ እኔም ካፖርት ለብሼ እያላበኝ መቆም አሳፈረኝ። ሻንጣውን መሬት ላይ ከፍቼ በጉልበቴ ተጭኜ ካፖርቱን ከተትኩት። ጓንቴና የሱፍ ቆቤ በኪሱ ውስጥ ነበሩ። ላባ የተሞላውን ጃኬት ለአጎቴ ልጅ በስጦታ ትቼለት ነበር።

በአውሮፓ በኩል አድርገን በማግስቱ ጥር 21 ከሰዓት በኋላ ቺካጎ ደረስን። አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ በሚያርፍበት ከተማ ሻንጣውን ራሱ ተቀብሎ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ ለቀጣዩ በረራ መልሶ ማስረከብ አለበት። እኔም ሻንጣዬን ከሚዞረው ቀበቶ ላይ አነሣኋት፤ በእጄ ገባች፤ ካፖርቴ ከዚፑ ሥር አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። የሚቀጥለው በረራ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሳልከፍታት መልሼ አስረከብኳት። ሠራተኛዋን ብወቅስ አንድ ጊዜ ነው፤ ራሴን የምወቅሰው ግን በዚህች ደቂቃ ነው፣ ዛሬም አልወጣልኝም።

አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በረራው መሰረዙን ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። በዚያ ሳምንት የሰሜን ዋልታው ቅዝቃዜ ወደ አሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ወርዶ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰች፣ ከነነፋሱ ደግሞ እንደ 48 ያህል ይሰማ ነበር፣ በሚኒሶታ ፖስታ ማደል እንኳ ቆመ። ወደ ሻንጣ ክፍሉ ተመልሼ ሻንጣዬ እንዲወጣልኝ ለመንኩ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ አንድ ጊዜ ቀበቶው ላይ የወጣ ዕቃ እስከ መድረሻው ድረስ አይነካም አለኝ። ካፖርቴ በውስጡ ነው አልኩት። ሆቴሉ ይሞቃል ብሎ መለሰልኝ። ለሆቴሉ የሚሆን ወረቀትም ሰጠኝ፤ ወደ ሆቴሉ የሚወስደው አውቶቡስ ግን የሚቆመው ደጅ ነበር።

በዚያ ደጅ ላይ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆምኩ። የለበስኩት አንድ የሱፍ ሹራብ፣ ግራጫውን ኮት፣ የጥጥ ሱሪና የሸራ ጫማ ነበር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ ነበር፤ የአፍንጫ ውስጥ ጠጉር ይቀዘቅዛል ሲባል የሰማ ሰው ማጋነን ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሉኝታ ይዞኝ ጋቢውን ከፌስታሉ አላወጣሁትም። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ይሉኝታው ጠፋ፤ አራት እጥፉን ጋቢ ደረቴን፣ ትከሻዬንና ራሴን አድርጌ ተከናነብኩት። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ቢረጥብ ኖሮ ጉድ ይሠራኝ ነበር፤ ነገር ግን አየሩ ደረቅ ስለነበረና በድርብርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ሞቀኝ። ነፋሱ ግን በሽመናው ያልፍ ነበር፤ ጋቢው በተንሸራተተ ቁጥር የሚጋለጠው ቀኝ ጆሮዬ ደነዘዘ፣ ሆቴል ገብቼ ሲሞቅ ደግሞ እንደ እሳት ለበለበኝ፣ በማግስቱም ውኃ ቋጠረ።

ከዚያ በኋላ ሕጌን ቀየርኩ። የጉዞ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ቦታ የሚበላውን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ ይላሉ፤ እኔ ግን ካፖርት ከገላ እንዳይለይ እላለሁ፣ አዳራሹ ቢሞቅም፣ የሚያይ ሰው ቢስቅም። ልብስ የሚመረጠው ለሦስቱ ሳምንታት ሳይሆን ከጉዞው ሁሉ ለከፋችው ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ወፍራም ካፖርትም ለእንዲህ ያለ መንገድ አይመከርም። ከዚያ ወዲህ የምሄደው በሁለት ስስ ልብሶች ነው፤ አንደኛው በጡጫ የሚጨበጥ ላባ ጃኬት፣ ሁለተኛው ነፋስና ውኃ የማያስገባ፣ ቆብ ያለው ሰፊ መደረቢያ። ሁለቱ በአንድነት ከ340 ዶላሩ ካፖርት ይረክሳሉ፣ አዲስ አበባ ላይም ለየብቻ ይለበሳሉ። ጓንትና ቆብ በሱሪ ኪስ ውስጥ ይሁኑ እንጂ በካፖርት ኪስ አይሁኑ። የሸራ ጫማ ከአዲስ አበባ አይውጣ፤ እዚያው ለሚፈልገው ይሰጥ።

ሻንጣዬ በአራተኛው ቀን ቤቴ ደጃፍ ላይ መጣች፤ ካፖርቱ እንደከተትኩት ከላይ ተቀምጦ ነበር። ለአየር መንገዱ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በመጣው መልስ ላይ፣ መንገደኛ ከእጅ ሻንጣው በተጨማሪ ካፖርት በነጻ ይዞ መግባት እንደሚፈቀድለት፣ ሻንጣው ግን በሰላም ስለደረሰልኝ ጉዳዩ መዘጋቱን አስረዱኝ።